በታሰረ መንጋጋ

ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚሉት። ዕድሜው ገና አርባ አልደፈነም። ግን ከሌላ አገር መጥተው በዚያ ዩኒቨርሲቲ ከሚማሩት መካከል ግንባሩ የሰፋው፣ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን በመዳፉ የሚጠርገው፣ ሰዉን ሁሉ «ልጆች» እያለ የሚያዋራው እሱ ብቻ ስለነበር ስሙ ተለጥፎበት ቀረ። አገሩ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። የመጣው የውሃ ምህንድስና ሊማር ነው። ጠዋት ጠዋት ከባቡር ጣቢያው ማዶ ባለ ጎሚስታ ቤት ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል፤ ከሰዓት በኋላ እጁን በሳሙና ፈትጎ ክፍል ይገባል። ጥፍሩ ስር ያለው ጥቁር ግን በምንም አይለቅም ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ከዓርብ እስከ ሰኞ አንድ ቃል ሳይተነፍስ የሚያልፍበት ሳምንት ብዙ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ባለ ጎሚስታውን «እንዴት አደርክ» ሊል አፉን ሲከፍት ድምፁ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ አለ። ባለ ጎሚስታው፣ ሆዱ የቱታውን ቁልፍ የሚፈታተን ደግ ሰው ነው፣ ቀና ብሎ አየውና «ግሪስ ላድርግልህ?» አለው። ሳቁ። ጋሼ ግን ያን ቀን ጎማ ሲነፋ ሲውል ነገሩ ሆዱ ውስጥ ቀረ።

በሦስተኛው ወር ትኩሳት ጣለው። ሦስት ቀን ከአልጋው አልተነሳም። በሦስተኛው ቀን ውሃ ሊጠጣ ተነስቶ እጅ መታጠቢያው ስር ወደቀ። ያነሳችው ከግድግዳው ማዶ የምትኖር የፋርማሲ ተማሪ ናት፤ የአገሩ ልጅ መሆኗን እንኳ አያውቅም ነበር። በሩን በጡጫ ደብድባ ዝም ሲላት ዘበኛውን በመለዋወጫ ቁልፍ አስከፈተችው።

«ሦስት ቀን ሙሉ ስትስል ግድግዳዬ ሲነቃነቅ ነበር» አለችው፣ ግንባሩ ላይ እርጥብ ፎጣ እየጫነች። «አንድ ሰው መጥራት አቃተህ?»

«ማንን?» አላት።

በማግስቱ ስልኩን ከትራሱ ስር አውጥታ የጣቱን አሻራ ራሷ አስነክታ ከፈተችና ግሩፕ አቋቋመች። አባላቱ ሁለት፤ እሷና እሱ። ያኔ ነው «ኮማንደር» ያላት፤ ስሙ ጸናባት።

የግሩፑ ስም «ገባሁ» ነው። ሕጉም እሱው ነበር፤ ማንም ከሥራ ይሁን ከትምህርት ወደ ቤቱ ሲደርስ «ገባሁ» ብሎ ይጽፋል። ካልጻፈ ይደወላል። ካላነሳ ይኬዳል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሰዎች ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆኑ። አከራዩ ማሞቂያውን የቆለፈበት፣ የሕክምና ወረቀት የሚያነብለት ያጣ፣ ወፍራም ካፖርት የሚፈልግ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያርምለት የሚሻ፣ ሁሉም እዚያው ይጮኻል፤ አንዱ ይደርስለታል። አንዲት ልጅ የአባቷን ሞት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በስልክ ተረድታ ጠረጴዛው ላይ ስትደፋ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስድስት ሰው ደግፏት ወደ ክፍሏ ወሰዳት። አንዴ ደግሞ ሁለት ፍቅረኞች «ገባሁ» ማለት ረስተው አርባ ሰው ሲደውልላቸው አመሸ። ከዚያ ወዲህ ተደብቆ መፋቀር ቀረ።

በሁለተኛው ዓመት የትምህርት መክፈቻ ላይ ጭምቱ መጣ። ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ኮምፒዩተር የሚማር፣ ሲናገሩት አንገቱን የሚደፋ ልጅ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለው ጋሼ ነው። እናቱ በስልክ አግኝታው «ልጄ፣ ታላቅ ወንድም የለውም፤ አደራ» ብላዋለች። ጭምቱ ግሩፑ ውስጥ ከ«ገባሁ» በቀር ምንም አይጽፍም ነበር። ያቺን ቃል ግን አንድም ቀን አላጎደለም።

አንድ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ጋሼ ከጎሚስታ ቤቱ ወጥቶ ወደ ክፍል ሲሄድ ስልኩ ነዘረ። ከጭምቱ ወደ ግሩፑ የመጣ የሰባት ሰከንድ ድምፅ ነው። «ጣቢያው ስር፣ መሿለኪያው ውስጥ ነኝ። ሦስት ሰዎች እየተከተሉኝ ነው። የቀረበ ሰው…» ከዚያ የሚሮጥ ጫማ ድምፅ ብቻ።

የቀረበው እሱ ነበር። መንገድ መሻገር ብቻ ነው የቀረው።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ሲወርድ ጭምቱን ከግድግዳው ሥር ኩርምት ብሎ አገኘው። ሁለቱ በእርግጫ ይሉታል፤ አንዱ ቦርሳውን ገልብጦ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ኩሬው ውስጥ ይጥላል። ጋሼ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠብ ሲገላግል የኖረ መምህር ነውና አፉን የሞላው የክፍል ውስጥ ቃል ነበር፤ «በቃ፣ ተው» አለ፣ ጮክ ብሎ። ዞር አሉ። ቀጥሎ የሆነው ሁሉ ፈጣን ነው። የመጀመሪያው ቡጢ ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። ሁለተኛውን በክንዱ መከተ። ቦርሳውን የያዘው፣ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰው፣ ከኋላ ገብቶ እግሩን ጠለፈውና ሲሚንቶው ላይ አነጠፈው። ጋሼ ከወለሉ ቀና ብሎ ፊቱን አየው፤ የግራ ጆሮው ታችኛው ጫፍ ተቆርጧል። ከዚያ ያ ሰው አንድ እርምጃ ወደኋላ አለና ኳስ እንደሚመታ ሰው ተንደርድሮ መንጋጋውን በጫማው ጫፍ መታው።

ጋሼ በራሱ ቅል ውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሰማ። ሕመሙ ወዲያው አልመጣም። የመጣው የብረት ጣዕም ነው፤ ቀጥሎ ምላሱ ላይ የሚንከባለል ጥርስ። ደረቱን፣ ኩላሊቱን፣ እጁን መቱት። በመሃል ዓይኑን ሲገልጥ ጭምቱን አየው፤ ተነስቷል፣ ደረጃው ላይ ቆሟል፣ ዞሮ ያየዋል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ከዚያ ጭምቱ ሮጠ።

ባቡር ሲመጣ ሰው ጎረፈ፤ ሦስቱ ተበተኑ።

መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ሐኪሞቹ የላይኛውንና የታችኛውን ጥርሱን በሽቦ አሰሩት፤ ስድስት ሳምንት አይከፈትም። ሾርባ በቀጭን ቱቦ ይስባል። የሚናገረው በስልኩ ላይ በመጻፍ ነው። ግሩፑ የዚያን ዕለት ያደረገውን ጋሼ እስከ ዕለተ ሞቱ አይረሳም። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሃያ ሦስት ሰው መጣ፤ ነርሷ «ይሄ ሰውዬ ሚኒስትር ነው እንዴ?» አለች። ተራ አወጡ። አንዱ ሾርባ ፈጭቶ ያመጣል፣ ሌላው ያመለጠውን ትምህርት በድምፅ ቀድቶ ይልካል፣ ሕግ የሚማረው ደግሞ ፖሊስ ሲመጣ አብሮት ይቀመጣል። ኮማንደር ማታ ከመሄዷ በፊት «ጥርስህን ነክሰህ ቻለው» ስትለው «ሌላ ምርጫ ያለኝ ይመስልሻል?» ብሎ ጻፈላት። አነበበችና ፊቷን አዙራ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች።

ከባድ የነበረው እናቱ ናት። በየእሑዱ ትደውላለች። ኮማንደር ስልኩን አንስታ «ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል፣ እማማ» አለቻት።

«ድምፁ ቢዘጋ ፊቱ ተዘጋ? አሳዪኝ» አለች እናቱ።

ኮማንደር አንሶላውን እስከ አፍንጫው ስባ ካሜራውን አዞረች። እናቱ ረጅም ጊዜ አየችው። «ይሄ ጉንፋን አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «እንዳልጨነቅ ብላችሁ ነው። እሺ። ግን አንሶላውን አውርጂልኝ።» አወረደችው። እናቱ አልጮኸችም። እጇን ወደ ስልኩ ዘርግታ ያበጠውን ጉንጩን በመስታወቱ ላይ ስትዳብስ ጣቷ ካሜራውን ሸፈነው፤ ጨለማ ብቻ ሆነ።

መርማሪው ሁለቴ መጥቶ ግማሽ ገጽ ጻፈ። የመሿለኪያው ካሜራ አይሠራም አለ። የሚያውቁት ነገር ካለ ያሳውቁን ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም።

ጭምቱ ወደ ሆስፒታል አልመጣም። ለጋሼ አንዲት መስመር አልጻፈለትም። ኮማንደር ክፍሉ ድረስ ሄዳ ስታንኳኳ መጋረጃው ተዘግቶ፣ የስክሪን ብርሃን ፊቱ ላይ ተለጥፎ አገኘችው። ጭምቱ ዘጠኝ ቀን ከዚያ ስክሪን አልተነሳም። በዚያ ጣቢያ አካባቢ የተነሳና ሰው ማኅበራዊ ገጹ ላይ የለጠፈውን ፎቶ ሁሉ፣ የሁለት ዓመቱን፣ አንድ በአንድ ያያል። የሚያንገበግበው ነገር ነበር። ከሆስፒታሉ ሲመለሱ ወንዶቹ ግሩፑ ውስጥ «ጋሼ ለአንድ ልጅ ሲል ተሰበረ፣ ልጁ ደግሞ እግሬ አውጪኝ አለ» ብለው ጽፈዋል። አንዱ የሚሮጥ ጥንቸል ሥዕል ለጥፎበታል። ጋሼ ሥዕሉን አስነሳው። ግን ሁለት መቶ ሰው አይቶታል።

በአሥረኛው ቀን ጭምቱ ከ«ገባሁ» ሌላ ቃል ጻፈ። «አገኘሁት» አለ።

ፎቶው ላይ አንድ ወጣት በመሿለኪያው አፍ ላይ ቆሞ የወረቀት ስኒ ይዞ ይስቃል። አረንጓዴ ጃኬት ለብሷል። ጭምቱ ስሙን፣ የሚሠራበትን መጋዘን፣ ከሥራ የሚወጣበትን ሰዓት ሳይቀር አስፍሯል። ወረቀት መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ ይነዳል። «በእናቴ እምላለሁ እሱ ነው» ይላል ከሥር።

ጋሼ ያን ጊዜ ከሆስፒታል ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ጋደም ብሏል። ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሰፋው። የሰውዬው ሁለቱም ጆሮ ሙሉ ነው። ፊቱንም ጨርሶ አያውቀውም። ቶሎ ብሎ ጻፈ፤ «ልጆች፣ እሱ አይደለም። የመታኝ ሰው የግራ ጆሮው ጫፍ የለም።»

ጽሑፉ ገብቶ አንድ ትንፋሽ ሳይቆይ ሠላሳ መልእክት ላዩ ላይ ተከመረ። ቁጣ፣ ስድብ፣ የቡጢ ምልክት። እንደገና ጻፈው። እንደገና ተቀበረ። አንዱ ብቻ መለሰለት፤ «ጋሼ አትፍራ፣ እኛ አለንልህ።» ፈርቶ ነው የመሰላቸው። ፎቶው ከግሩፑ ወጥቶ ሌሎች የውጭ ተማሪዎች ወዳሉባቸው ገጾች ተሻግሯል፤ ሰው በሰው ላይ እየተቀባበለው ነው። ጋሼ ፎቶውን አጠፋውና ግሩፑን ማንም እንዳይጽፍበት ዘጋው። ወዲያው ጸጥ አለ። ለጥቂት ደቂቃ የተሳካለት መስሎት ነበር። ወንዶቹ ግን «በሽተኛውን አንረብሽ» ብለው ሌላ ግሩፕ ከፍተው ነበር፤ እሱ የሌለበት።

ለጭምቱ ለብቻው «ጆሮውን እይ» ብሎ ላከለት። ማንበቡ ታየ። መልስ የለም። መናገር እንደማይችል እያወቀ ደወለለት። ጭምቱ አነሳው። ጋሼ በታሰሩት ጥርሶቹ መካከል አየር ገፋ፤ የወጣው ማቃሰት ነው። «አይ» ለማለት እንኳ አፍ መከፈት አለበት።

«ጋሼ» አለ ጭምቱ። ድምፁ የሱ አይመስልም፤ የተቃጠለ ነው። «አይዞህ። ዛሬ ያልቃል።» ዘጋው።

ጋሼ ግድግዳውን በሁለት እጁ ደበደበ። ኮማንደር በባዶ እግሯ መጣች። ስልኩ ላይ የጻፈውን አንብባ አልጠየቀችም፤ ሌላው ግሩፕ ውስጥ ያለች ጓደኛዋ ጋ ደወለች። «ስምንት ናቸው» አለች ስልኩን ስትዘጋ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈረቃው ሲወጣ። አሁን ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ነው።» ባለ ጎሚስታውን የጠራችው እሷ፣ ፖሊስ ጋ የደወለችው እሷ፣ ጋሼን ጫማ ያደረገችለትም እሷ ናት። ባለ ጎሚስታው ጋሼ እስኪሳፈር እንኳ የመኪናውን ሞተር አላጠፋም።

ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ከመጋዘኑ ጀርባ፣ እንደ በርሜል የተደረደሩ የወረቀት ጥቅሎች መሃል፣ ክብ ሠርተዋል። ጋሼ ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ የሰማው እርግጫ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ያን ድምፅ ከውስጥ ያውቀዋል። ፎርክሊፍት ነጂው መሬት ላይ ወድቆ በሁለት እጁ ራሱን ከልሏል። «ማናችሁ? ምን አደረግኳችሁ?» ይላል። ደጋግሞ ያንኑ ነው የሚለው። አንዱ በስልኩ ይቀርጻል። ጭምቱ ከጭነት ርብራብ ላይ የነቀለውን ሳንቃ ይዟል፤ ሳንቃው ጫፍ ላይ ሁለት ምስማር አለ። ያ አንገቱን የሚደፋ ልጅ አፉ አረፋ ደፍቋል፤ በእያንዳንዱ ምት «ሩጥ፣ ሩጥ፣ ለምን አትሮጥም?» ይላል።

ጋሼ መጮኽ ፈለገ። ሙሉ ኃይሉን አፉ ላይ አደረገ። ሽቦው ድዱን ቆረጠው፤ ደም በአገጩ ወረደ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ስለዚህ ሮጦ ክቡን ጣሰና ሰውየው ላይ በደረቱ ተደፋበት። የሚቀጥለው ምት የወረደው በሱ ትከሻ ላይ ነው። ምስማሩ ካፖርቱን በስቶ ሥጋው ውስጥ ገባ፤ ሳንቃው ሲነቀል አብሮ ጎተተው። አንዱ ማንነቱን ሳያይ ጎኑን ረገጠው። ከሥሩ ያለው ሰው ትኩስ ትንፋሽ አንገቱ ላይ ይሰማዋል።

«ጋሼ ነው» አለ የሆነ ሰው። «ጋሼን ነው የምትመቱት።»

እግሮቹ ቆሙ። ጭምቱ ሳንቃውን እንደያዘ ቀረ። ኮማንደር በመሃላቸው ገብታ ተንበረከከች። የፎርክሊፍት ነጂውን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ አዞረችው። የግራ ዓይኑ ካለበት ቦታ ደም ይፈሳል። በአውራ ጣቷ ጆሮውን ጠርጋ ያዘችው።

«ይሄው» አለች። «ሙሉ ነው። ኑ እዩ። ቅረብና እይ አንተ።»

ጭምቱ አየ። ሳንቃው ከእጁ ወደቀ። እንደገና ሮጠ።

ፖሊስና አምቡላንስ ሲደርሱ ስምንቱም ተበትነው፣ የተቀረጸው ቪዲዮ ወጥቶ ነበር። በዚያ ምሽት የከተማው ሰው ሁሉ ስምንት ባዕዳን አንድ የሰፈራቸውን ልጅ ሲቀጠቅጡ አየ። ማን ላይ እንደተደፋና ለምን እንደተደፋ የሚያሳየው ክፍል ተቆርጦ ቀርቷል። በማግስቱ የተማሪዎቹ ማደሪያ ሰባት መስኮት ተሰበረ። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከአውቶቡስ በፀጉሯ ተጎትታ ወረደች፤ ያን ቀን ወደ መጋዘኑ አካባቢ እንኳ አልደረሰችም፣ ስለ ግሩፑም አልሰማችም። ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ በቀለም ጸያፍ ቃል ተጻፈ። ባለ ጎሚስታው በቤንዚን እየጠረገ «ቀለሙ ጥሩ ነው፣ መጥፎው የእጅ ጽሑፋቸው ነው» ብሎ ሊያስቅ ሞከረ። ማንም አልሳቀም።

የፎርክሊፍት ነጂው የግራ ዓይን ጠፋ።

ጋሼ ትከሻው አመርቅዞ፣ ሁለተኛ ተሰፍቶ፣ ከወር በኋላ ከሆስፒታል በወጣ ዕለት ግሩፑን ከፍቶ ጻፈ። ሲጽፍ ሲሰርዝ ግማሽ ቀን ፈጀበት፤ የላከው ግን አጭር ነው። «እዚያ የነበራችሁ ስምንት ልጆች፤ ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት በገዛ እግራችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። አብሬያችሁ እገባለሁ። ያልሄደውን ሰው ስም እኔ እናገራለሁ።»

መዓት ወረደበት። «ለአንተ ብለን ነው» አሉት። «ከሃዲ» አሉት። «የአገርህን ልጅ ለባዕድ አሳልፈህ ልትሰጥ?» አሉት። በሦስት ቀን ውስጥ አንድ መቶ ሃምሳ ሰው ከግሩፑ ወጣ። አንዱ በደረጃው ላይ ጠብቆ በደረቱ ገፋው፤ ተሰፍቶ የነበረው ትከሻ ተከፈተ። ኮማንደርም ተቆጥታ ነበር፤ በሩን ዘግታ «ቪዲዮው አለ፤ ፖሊስ ራሱ ይለያቸው፤ አንተ ለምን እጅህን ታስገባለህ?» አለችው።

«ያንን ሰው ያገኙት በኔ ግሩፕ ነው» ብሎ ጻፈላት። ጥቂት አሰበና ጨመረበት። «ቪዲዮው ላይ የሚቀርጸው አይታይም። ጭምቱም ጀርባውን ነው የሰጠው።»

ዓርብ አምስቱ መጡ፤ አንዱ እያለቀሰ። ጋሼ ከእያንዳንዳቸው ጋር ገብቶ ተቀመጠ። ሦስቱ ቀሩ። በማግስቱ ደግሞ ሽቦው የሚፈታበት ቀን ነበር። ሐኪሙ በመቆንጠጫ እየቆረጠ አወጣለት፤ አፉን እንዲከፍት አዘዘው፤ መንጋጋው እንደ አሮጌ መሳቢያ ተንገጫገጨና ጥቂት ከፈተ። «እስቲ የሆነ ነገር ተናገር» አለው ሐኪሙ። ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሄደ። ከስድስት ሳምንት ዝምታ በኋላ ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል የጭምቱ ሙሉ ስም ነው። መርማሪው አልሰማውም፤ እንዲደግምለት ጠየቀው። ደገመለት።

የጭምቱ እናት የደወለችው በዚያው ሳምንት ነው። ጋሼ ስልኩን ሲያነሳ ተነስቶ ቆመ፤ ተቀምጦ የሚሰማው ነገር አልነበረም።

«አደራ ብዬህ ነበር» አለች።

«ብለውኛል፣ እማማ።»

«እንዲህ ነው አደራ የሚጠበቀው?»

«አላውቅም» አላት። መንጋጋው ያመዋል፤ ቃሉ አፉ ውስጥ ተሰባብሮ ይወጣል። «የሰው ዓይን ጠፍቷል። ዝም ብል ልጅዎ ይሄን ይዞ ይኖራል። እኔም ይዤው እኖራለሁ።»

«እግዜር ይይልህ» አለች። ያ እርግማን ይሁን ሌላ ነገር እስከ ዛሬ አልገባውም።

ፎርክሊፍት ነጂው ቤት የሄደው ከሁለት ወር በኋላ ነው። በሩን የከፈተችው ታላቅ እህቱ ናት። ማን እንደሆነ ሲነግራት በጥፊ መታችው፤ እዚያው የተሰበረው መንጋጋው ላይ። ዓይኑ ላይ ብርሃን ብልጭ አለ፤ በሩን ይዞ ቆመ። ከውስጥ «ተዪው፣ እሱ እኮ ላዬ ላይ የተኛው ነው» የሚል ድምፅ መጣ። ገባ። ሰውየው ዓይኑ ላይ ጨርቅ አስሮ ሶፋው ላይ ተቀምጧል።

«በጣም ከባድ ነህ» አለው። «ከነሱ ዱላ ይልቅ ያንተ ክብደት ነው ትንፋሽ ያሳጠረኝ።»

ጋሼ ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት እጁን አነሳበት። «ምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገርህ? ጃኬቱ የኔ አይደለም። የእህቴ ባል ልብስ ነው። ፎቶውን የተነሳሁ ቀን ብርድ ስለነበር ነው የተዋስኩት።»

ፎርክሊፍት መንዳት አይችልም፤ በአንድ ዓይን የዕቃው ርቀት አይለይም። መጋዘኑ በር ላይ አስቀምጠው የሚገቡትን መኪኖች ታርጋ ያስጽፉታል። ጋሼ የሄደው ያን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሲወጣ «አትመለስ፣ እህቴ አትችልም» ብሎታልና።

ጆሮው የተቆረጠው ሰው ከአራት ወር በኋላ እዚያው ጣቢያ ውስጥ ትኬት ተቆጣጣሪ ደብድቦ ተያዘ። ጋሼ ከስድስት ሰዎች መካከል ለይቶ አወጣው። ሰውየው ጋሼን አላስታወሰውም። «ስንቱን ላስታውስ» አለ፤ የምሩን ነው።

ጭምቱ ሦስት ዓመት ተፈረደበት፤ ሲጨርስ ወደ አገሩ ይመለሳል። ጋሼ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ወደ እስር ቤቱ ይሄዳል። አራት ጊዜ ጭምቱ አልወጣለትም፤ ጠባቂው «አልፈልግም ብሏል» ይለዋል፤ እሱም ያመጣውን መጽሐፍ አስረክቦ አውቶቡስ ይጠብቃል። በአምስተኛው ወጣ። ከስቷል። ቅንድቡ ላይ አዲስ ስፌት አለ።

«ማነው?» አለው ጋሼ፣ በአገጩ ስፌቱን እያመለከተ።

«ተወው።»

ጭምቱ ጠረጴዛውን እያየ «ያን ቀን ሳልሮጥ ብቀር» አለና አቆመ።

«ብትቀር ሁለታችንም እንሰበር ነበር። እኔ ለሩጫህ አልተቀየምኩም። አንድም ቀን።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ጋሼ ጣቶቹን አየ። አሥር ቀን ሙሉ ጣቶቹ ይጽፉ ነበር። ለነርሷ ጽፏል፣ ለመምህራኑ ጽፏል፣ ሾርባው ጨው እንደበዛበት ጽፏል። ለዚህ ልጅ አንዲት መስመር አልጻፈለትም። ይመጣል ብሎ ሲጠብቀው ነበር።

«ሳልነግርህ ቀረሁ» አለ።

ጭምቱ ራሱን ነቀነቀ። ቆይቶ «ግሩፑ አለ?» አለ።

«አለ። ስልሳ ገደማ ነን። የሰው ፎቶ መለጠፍ ክልክል ሆኗል።»

«አዲስ ሰው መጥቷል?»

«ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ መጣች። ኮማንደር ልትቀበላት ሄዳ በተሳሳተ አውቶቡስ ተሳፍራ ሌላ ከተማ ገባች። ልጅቷ ናት ደውላ መንገዱን የመራቻት።»

ጭምቱ ሳይታሰብ ሳቀ፤ ስፌቱ ስቦት ቅንድቡን ያዘ። ጠባቂው ሰዓቱ መድረሱን በቁልፉ ጠረጴዛውን ነካ ነካ አድርጎ አሳወቀ። ጋሼ ካፖርቱን እየደረበ በሚቀጥለው ምን መጽሐፍ እንደሚያመጣለት ጠየቀው።

«ሒሳብ» አለ። «ከባድ የሆነ።»